የፈረሰ ቤት ጓዳ፦ ስለ ፍርስራሽ ፎቶግራፍ ውበትና ተጠያቂነት

በበረዶው ወራት፣ እኛ በኮሎምበስ ኦሃዮ የምንገኝ የማኅበሩ አባላት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ በጦርነት ለተፈናቀሉ ወገኖች ርዳታ ለማሰባሰብ አንድ የፎቶግራፍ ምሽት ለማሰናዳት ተነሥተን ነበር። ለትርኢቱ የቀረቡት 12 ፎቶግራፎች ሲሆኑ ያነሣቸውም ከመካከላችን የፎቶግራፍ ሙያ የሚያጠና አንድ ጓድ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከሀገር ከመውጣቱ በፊት በሰሜን ወሎ እየተዘዋወረ የፈራረሱ ቤቶችን፣ የተቃጠሉ ትምህርት ቤቶችን፣ መንገድ ዳር ወድቀው የቀሩ ታንኮችን በጥቁርና ነጭ አንሥቷል። ሥዕሎቹን በተከራየነው አዳራሽ ግድግዳ ሥር ደርድረን ስናያቸው ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን፤ ከዚያ በኋላ ማድነቅ ጀመርን። በተለይ አንደኛው የፊት ግድግዳው የተናደ ቤት ነው። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በተናደው በኩል ገብታ ጓዳውን ከዳር እስከ ዳር አብርታዋለች፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ምጣድ፣ ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሌማት፣ ከጥጉ ደግሞ ምንም ሳይነካው የቆመ ጋን ይታያል። ብርሃኑ በጋኑ ሆድ ላይ ያረፈበት ሁኔታ የጥንት የሆላንድ ሠዓሊዎችን ያስታውሳል ተባለ። እንዲህ ያልነው፣ ላለመዋሸት፣ እኛው ራሳችን ነን።

ከኋላ ቆሞ የነበረ አንድ ጓድ ግን ወደ ፊት መጥቶ ሥዕሉን ለረዥም ጊዜ ከተመለከተ በኋላ «ይህ የአክስቴ ጓዳ ነው» አለ። ቤቱን ያወቀው በሌማቱ ጥለት ነው። ቀጥሎም፣ በልጅነቱ እንኳ ሳያስፈቅድ ወደዚያ ጓዳ ገብቶ እንደማያውቅ፣ አክስቱም እንኳን ባዕድ፣ ጎረቤትም ቢሆን ከመጋረጃው ወዲያ እንዲመለከት የማይፈቅዱ ሴት እንደ ሆኑ ነገረን። ጓዳ ማለት በእኛ ዘንድ ሰው ያለውንም ያጣውንም የሚሸፍንበት፣ ገመናው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ያን ገመና መድፍ ገለጠው፤ እኛ ደግሞ ክፈፍ አበጅተን ልንሰቅለው ነበር። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ይህም ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከቀጠለው ክርክር ነው።

በክርክሩ የተሰለፉት ሁለት ወገኖች ለዚህ መጽሔት አንባቢ አዲስ አይደሉም። አንደኛው ወገን «ኪነ ጥበብ ለኪነ ጥበብ» የሚለውን አሮጌ አቋም አጥብቆ በመኰነን፣ በወገን ፍርስራሽ ላይ ውበት መፈለግ ወንጀል ነው አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ያልተዋበ ሥዕል ማንም ቆሞ አያየውም፣ ማንም ያላየው ግፍ ደግሞ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል ሲል መለሰ። ሁለቱም የተከራከሩት ስለ ቅርጽ ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ በውበቱ ላይ አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሥዕሉ እንዲያምር ሲባል ከውስጡ ተጠርጎ የወጣው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ ተጠርጎ የሚወጣውም የተጐዳው ሰው ስምና የጐዳው ኃይል ስም ነው።

ነገሩን ከምንኖርበት ከተማ እንጀምር። ከመሀል ኮሎምበስ የሳዮቶን ወንዝ ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ይገኛል፤ መሬቱ ዝቅ ያለ በመሆኑ የከተማው ሰው «ረባዳው» ይለዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 1913 ወንዙ ሞልቶ መከላከያውን ሰብሮ ሰፈሩን አጥለቀለቀው፤ በኮሎምበስ ብቻ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ የተጣመሙት ሐዲዶችና የተገለበጡት ቤቶች ፎቶግራፍ በፖስታ ካርድ እየታተመ ይሸጥ ጀመር። ከእነዚህ ካርዶች ጥቂቶቹን ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ አገላብጠናል። ፎቶግራፎቹ መጥፎ አይደሉም፤ ውኃው መስተዋት መስሎ ተኝቷል፣ የቤቶቹም ጣሪያ በላዩ ተገልብጦ ይታያል። ከሥራቸው የመንገድ ስም የተጻፈባቸው አሉ፤ የሰው ስም ግን አላየንም። የሠራተኛው ድሀ መኖሪያ ለምን ረባዳው እንደ ሆነ፣ መከላከያው ለምን እንዲያ ደካማ እንደ ነበረ የሚጠይቅ ካርድማ ከየት ይመጣል? ጎርፉ የእግዜር ቁጣ ሆኖ ቀረ። ሰፈሩን ከወንዙ የሚጠብቀው ታላቁ ግንብ ተሠርቶ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ከ91 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዛሬ ከግንቡ ወዲህ ባሉት አሮጌ ፋብሪካዎች የሠዓሊዎች መሥሪያ ቤቶችና ጋለሪዎች ተከፍተዋል። የእኛም አዳራሽ በዚያው ሰፈር ነው።

በሀገራችን የፖለቲካ ታሪክ ፎቶግራፍ ከወሎ ረሃብ ጊዜ የበለጠ ሥልጣን ያገኘበት ወቅት የለም ብንል ያጋነንን አይመስለንም። በ1965 ዓ.ም. የዘውዱ መንግሥት ረሃቡን በሚሸሽግበት ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱና በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ አቀረቡት። ያ ትርኢት የኪነ ጥበብ ትርኢት አልነበረም። ተመልካቹም ባዕድ አልነበረም፤ ተማሪው የሚያየው የገዛ ሀገሩን፣ አንዳንዱም የገዛ አውራጃውን ሰው ስለ ነበር ከሥዕሉ ወደ ጥያቄው፣ ከጥያቄውም ወደ አደባባዩ ያለው መንገድ አጭር ነበር። ቀጥሎ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ረሃቡን በሀገሩ ቴሌቪዥን አሳየ።

ያው ፊልም ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ግን እንደ መጣ አልቀረበም። በረሃብተኛው መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ግብዣ እየገባ ተቀጣጥሎ ነበር። የሠሩት ሰዎች ምንም ይሁኑ ምን፣ ያ ቅጥልጥል እንደ ኪነ ጥበብ የተዋጣለት እንደ ነበር ማመን ይገባል፤ የተራበውን ብቻ ሳይሆን የበላውንም አሳይቷልና። ተጠያቂውን ፊት ለፊት አቆመው። ጉድለቱ የታየው በኋላ ነው፤ ጣቱን የቀሰረው ክፍል ጣቱ ወደ ራሱ ሊዞር ይችላል ብሎ አላሰበም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያው መንግሥት አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ወጪ ሲያከብር ረሃቡ ተመልሶ በወሎና በትግራይ ሰው ይፈጅ ነበር፤ ጋዜጠኞችም ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ታገዱ። በፎቶግራፍ ተደግፎ የወጣ መንግሥት ፎቶግራፍ ሸሸገ። መሐመድ አሚንና ማይክል በርክ ከኮረም ያመጡት ፊልም በቢቢሲ የቀረበው በዓሉ ካለፈ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፣ በጥቅምት 13 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው፤ ዓለም አለቀሰ፣ ገንዘብም አወጣ፣ በሐምሌ ወር በለንደንና በፊላደልፊያ ታላቁ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። ይህን ልናናንቅ አንፈልግም። በዚያ እህል የተረፉ ወላጆች ያሏቸው ከእኛ መካከል አሉ።

በኮረም መጠለያ በዚያው ሰሞን ሌላ ካሜራ የያዘ ሰውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፈው ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ በትምህርቱ ኤኮኖሚስት ነበር። የወታደሩ መንግሥት በሀገሩ ሲበረታ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ፓሪስ ተሰደደ፤ በዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ተቀጥሮ ስለ ቡና ጉዳይ ወደ አፍሪቃ ሲመላለስ ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ፤ ኋላም ሥራውን ትቶ ካሜራውን መረጠ። ስደተኛ ተማሪ፣ ቡና፣ አፍሪቃ! ከዚህ ይበልጥ ለእኛ የሚቀርብ ፎቶግራፍ አንሺ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1985 ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከተባለው ድርጅት ጋር በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በቻድና በማሊ ሠራ። የዚያ ሥራው መጽሐፍ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲወጣ፣ የእንግሊዝኛው እትም ግን እስከ 2004 ድረስ አልታተመም። ክርክራችን በጋለ ጊዜ መጽሐፉን ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተውሰን ሦስት ምሽት ሙሉ ተመለከትነው።

የኮረሙን ሥዕል ላላየ እንግለጸው። ንጋት ነው። ሰዎች በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ቆመዋል፤ የጨርቁ እጥፋት አወራረድ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣሉትን ቅዱሳን ያስመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 በትግራይ ምዕራብ በተነሣው ሌላ ሥዕል ደግሞ ሰዎች ከትልቅ ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል፤ የፀሐይ ጨረር በቅርንጫፎቹ መካከል እየሾለከ እንደ መጋረጃ ይወርድባቸዋል። ይህን ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ ዐይኑን መንቀል ያቅተዋል። ነገር ግን በዚያ ዘመን ወደ ሱዳን የሚሰደደው ሕዝብ ከዛፍ ሥር የሚሰበሰበው ለጥላ ብቻ አልነበረም፤ የመንግሥትን አውሮፕላን ፈርቶ ሌሊት ይጓዝ፣ ቀን ደግሞ ባገኘው ዛፍ ሥር ይሸሸግ ነበር። ሥዕሉን ብቻ የተመለከተ ሰው ብርሃን ከሰማይ ሲወርድ ያያል፤ ከዚያው ሰማይ ሌላ ምን ይወርድ እንደ ነበር አይነገረውም።

ሐያሲዋ ኢንግሪድ ሲሺ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒው ዮርከር በተባለው መጽሔት ሳልጋዶን ክፉኛ ነቅፋዋለች። የነቀፌታዋ ፍሬ ነገር፣ ሥቃይ ሲዋብ ተመልካቹ ይደነቃል እንጂ አይነሣሣም፣ በተቀመጠበት ይቀራል የሚል ነው። ይህ ግማሽ እውነት ይመስለናል። የእኛ ሰው በፈረንጅ ካሜራ ፊት ለዘመናት ዝንብ የወረረው ዐይንና የተነፋ ሆድ ሆኖ ሲታይ ኖሯል፤ ሳልጋዶ ቢያንስ ቁመና ሰጠው። የተራበ ገበሬ ግርማ ሊኖረው አይገባም የሚል ሂስ ካለ፣ ያ ሂስ ራሱ ንቀት አለበት። ከዚህ ይልቅ ጠንካራው ሱዛን ሶንታግ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ሳልጋዶ ስለ ዓለም ስደተኞች የሠራውን ሥራ አስመልክታ የጻፈችው ነው፤ ስሙ የሚጻፍለት ዝነኛው ብቻ ሲሆን፣ ስሙ ያልተጻፈው ድሀ ግን የወገኖቹ ሁሉ ናሙና ሆኖ ይቀራል ትላለች። እኛ የምንጨምረው ጥቂት ነው። የኮረሙ ሥዕል ከጋለሪ ሲሰቀል አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ የሚጻፈው ቦታና ዓመት ነው። የቆመው ሰው ስም የለም፤ የአውሮፕላኑም ባለቤት፣ የእህሉን መንገድ የዘጋውም እጅ አልተጠቀሰም። ሥዕሉ ለሁሉም የሚመች የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለርዳታ ድርጅት ይመቻል፣ ለሙዚየም ይመቻል፣ ለደርግም ቢሆን አያስከፋም ነበር። ድርቅ ነው ይባላላ! ድርቅን ደግሞ ማን ይከሰዋል? ኅትመቱ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ሲሸጥ ከጋቢው ውስጥ ያለው ሰው የሚደርሰው ነገር እንደሌለ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለንም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችንም አንድ ቃል እናንሣ። እኛ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ነን፤ በ1977ቱ ረሃብ ያለቀውን ሕዝብ አንዱ 400,000፣ ሌላው 1 ሚሊዮን ያደርሰዋል ብለን በሰንጠረዥ እንጽፋለን። ሰንጠረዡ ሲያምር መምህሩ ደስ ይለዋል። ሳልጋዶ ሰንጠረዡን ትቶ ካሜራ ያነሣው ይህ ቢሰለቸው ነውና ልንፈርድበት ስንቸኩል ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ማስዋብ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማየትም ከኦሃዮ መውጣት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 1970 የኦሃዮ ብሔራዊ ዘብ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ 4 ተማሪዎች ገድሎ ነበር። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከአንዱ ሬሳ አጠገብ ተንበርክካ ስትጮህ በጊዜው ተማሪ የነበረ ወጣት ያነሣው ፎቶግራፍ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ከልጅቷ ራስ ኋላ የአጥር ምሰሶ ይታይ ነበር፤ በኋላ በወጡ አንዳንድ ኅትመቶች ላይ ግን ምሰሶው ተደልዞ ጠፍቷል። የምሰሶው መጥፋት ማንንም አልጐዳ ይሆናል። ሆኖም በሬሳ ፊት ቆሞ ምሰሶው አላማረኝም ያለ ዐይን ነገ ሌላውንም ነገር ላያምረው ይችላል።

ይህን ሁሉ ስንል ውበትና ኀዘን አይገናኙም ማለታችን አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ሐሳብ ከእኛ ባሕል የራቀ ነው። በለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደው ሴት ግጥሟ ቤት ይመታል፣ ድምፅዋ አንጀት ይበላል፣ ሙያዋም ታውቆ ከሩቅ ትጠራለች፤ በሬሳ ላይ አጌጠች ብሎ የሚወቅሳት ግን የለም። ለምን ቢሉ፣ ሟቹን በስሙና በአባቱ ስም ትጠራዋለች፤ እንዴት እንደ ሞተ፣ ገዳይ ካለውም በማን እጅ እንደ ወደቀ ትናገራለች፤ የምትናገረውም ለገዛ ዘመዶቹ ስለ ሆነ የሰማ ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕዳ አለበት። ከተማ ላይ ደግሞ ለቀስተኛው የሟቹን ፎቶግራፍ ይዞ ያለቅሳል። ያ ፎቶግራፍ የአስከሬን ፎቶግራፍ አይደለም፤ ሰውየው በሠርጉ ወይም በምረቃው ቀን ለብሶ፣ ራሱ ወዶ የተነሣው ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ የዓለም ጋዜጦች ያሳዩት የክምሩን ተራራና የቁፋሮውን መኪና ነበር። ለቀስተኞቹ ግን በእጃቸው ይዘው የነበሩት የልጆቻቸውንና የእኅቶቻቸውን መልክ ነው።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። አዲስ ፎቶ ፌስትን እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ፣ ዋተርኤይድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ውኃ እጦት እንድትሠራለት ሲጠይቃት የተጠማ ሰው አላነሣችም፤ በአፋር ዳሎል ላይ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ፣ በደማቅ ልብስ ያጌጡ ሴቶችን አቁማ ከሐሳቧ ምስል ፈጠረች። የማንንም ገመና አልነካችም፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ቅሬታችን የጨው ሜዳው መድረክ በሆነ ጊዜ ውኃው የታጣበት ምክንያት ከመድረኩ ጀርባ መቅረቱ ላይ ነው። ያም ሆኖ ሁለቱን አማርጡ ብንባል ገመና የማይነካውን እንመርጣለን።

ወደ ጓዳው እንመለስ። ጓዱ አክስቱን በስልክ አገኛቸው፤ አሁን በሌላ ከተማ ከዘመድ ተጠግተው ይኖራሉ። ስለ ሥዕሉ ሲነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁት ጋኑ መትረፉን ነው። ተርፏል ሲላቸው ሳቁ። ቀጥለው ማን እንደሚያየው ጠየቁ፤ ፈረንጅም ሐበሻም እንደሚያየው ሲነገራቸው ዝም አሉ። በሳምንቱ ፈቀዱ፤ ግን ሥዕሉ ትልቅ እንዳይሆን፣ ሌማቱን የሰፉት እናታቸው መሆናቸው እንዲጻፍ፣ ቤቱን በእጃቸው የሠሩት የሟች ባለቤታቸውም ስም እንዲጠራ አሳስበው ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ጓድ በመጠኑ ጉዳይ አልተስማማም፤ ብርሃኑ የሚታየው በትልቁ ሲታተም ነው ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው፤ ብርሃኑ የሚታየው በትልቁ ነው። ቢሆንም ድምፅ ተሰጥቶ ተሸነፈ፣ እስከ ዛሬም ቅር እንደተሰኘ ነው።

ከዚያ ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈውን ማዘጋጀት ጀመርን። የቤቱ ባለቤት፣ ቤቱን የሠራው፣ የፈረሰበት ወር፤ እስከዚህ ድረስ ተስማማን። አራተኛው መስመር ቤቱን የመታው ማን ነው የሚለው ነበር። እዚህ ላይ ስብሰባው ተሰነጠቀ። አንዱ አንዱን ጦር ጠራ፣ ሌላው ሌላውን፤ ሦስተኛው «በጦርነቱ ምክንያት» ተብሎ ይታለፍ አለ። «ድርቅ» በሚለው ቃል ሌላውን የከሰስን እኛ «በጦርነቱ ምክንያት» ለሚለው እጃችንን ልናወጣ ጥቂት ቀርቶን ነበር። በመጨረሻ ሴትዮዋ ራሳቸው ተጠየቁ። ያዩትን ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ግን ሰላም ሲሆን ወደዚያው ሰፈር ተመልሰው መኖራቸው አይቀርምና የእርሳቸው ስም ከተጻፈ ያ መስመር እንዳይጻፍ፣ ያ መስመር ከተጻፈ የእርሳቸው ስም እንዳይጠራ ለመኑን። ሁለት ስም ካልተጻፈ ሥዕሉ ጐደሎ ነው ስንል የከረምን ሰዎች ለዚህ መልስ አልነበረንም።

ምሽቱ በቀሩት 11 ፎቶግራፎች ተደረገ፤ ጥሩ ገንዘብም ተሰበሰበ። እነዚያ 11ዱ ያለ ስም የተሰቀሉት ቤቱን የሚያውቅ ዘመድ በመካከላችን ስላልተገኘ ብቻ መሆኑንም ሳንሰውር እንጽፋለን። አሥራ ሁለተኛው አነስ ብሎ እንደገና ታትሞ በጓዱ ቤት ተቀምጧል። ከሥሩ ሦስት መስመር ተጽፏል፤ ለአራተኛው የሚሆን ነጭ ቦታ ተትቶለታል።